አድሚኑን ብቻውን አንተወው



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ስለ ግሩፖቻችን አድሚኖች ላወራችሁ ነው። እኔም አንዱ ነኝና ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ባለፈው ረመዷን ከተራዊሕ በኋላ በመስጂዳችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የታመመ ሕፃን ፎቶ ከባንክ ሒሳብ ቁጥር ጋር ተለጠፈ፤ «ለአላህ ብላችሁ ድረሱልን» ይላል። ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ጥሪ ዝም ብዬ አሳልፌ፣ ጀማዓው ገንዘብ ካስገባ በኋላ ውሸት ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ይኼኛውን ሳልጠይቅ አጠፋሁት፤ ላኪውንም ከግሩፑ አስወጣሁት። በማግስቱ ከዙህር በኋላ ሰውየው የሐኪም ወረቀት ይዞ መስጂዱ በር ላይ ጠበቀኝ። የሕፃኑ አባት ነው። «ወንድሜ፣ በሰው ፊት ሌባ አደረግከኝ» አለኝ። ወላሂ መልስ አልነበረኝም።

አድሚንነት ይኸው ነው። ብታሳልፈው የሰው ገንዘብ ይበላል፤ ብታጠፋው የሰው ክብር ይነካል። ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይፈቅዳል። የኛን ዓይነት ግሩፕ የሚጠብቁት ግን ከሥራ መልስ ስልካቸውን የሚከፍቱ ሁለት ሦስት ልጆች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም፣ ያሠለጠናቸውም የለም።

ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ ሳናውቅ ሰው እንዳንጎዳ እንድናጣራ ያዘናል። እኔ መጀመሪያ ሳላጣራ አመንኩ፤ ቀጥሎ ሳላጣራ አጠፋሁ። ሁለቱም አንድ ጥፋት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከኮሚቴው ጋር ተማክረን ሦስት ነገር ወሰንን። የእርዳታ ጥያቄ ከመለጠፉ በፊት አንድ ሰው ደውሎ ወረቀቱን ያያል። መልእክት ሲጠፋ ምክንያቱ ለባለቤቱ በውስጥ ይነገረዋል። ሁለተኛ አድሚን ካልተስማማ ማንም ከግሩፑ አይወጣም። ብሔርን ወይም ሃይማኖትን ለይቶ ጥላቻ የሚቀሰቅስ ነገር ግን ወዲያው ይነሳል፤ እሱን አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ይከለክለዋል።

«ይኼ ያዘገያል፤ በሽተኛ አይጠብቅም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ያዘገያል። ለዚህ ነው የሚያጣራ ሰው የሚያስፈልገን። ሁለት ልጅ ሲያጣራ ቀን ይፈጃል፤ ስምንት ሰው ተራ ከገባ በሰዓታት ያልቃል።

ስለዚህ ጀማዓ ሆይ፣ መልእክታችሁ ሲጠፋ ስክሪንሹት አንስታችሁ በየግሩፑ «አምባገነን» እያላችሁ ከመበተናችሁ በፊት በውስጥ ጠይቁ። አድሚኑ ከተሳሳተ ምከሩት፤ ነሲሓ በአደባባይ ሲሆን ማዋረድ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በሳምንት አንድ ምሽት ተራ ግቡ። መስጂድ ለመጥረግ የሚሽቀዳደም ሰው አለን፤ ይኼም ጠረጋ ነው።

አድሚኖች ሆይ፣ ስትሳሳቱ አትደብቁ። እኔ አባትየውን ይቅርታ የጠየቅኩት እዚያው ግሩፕ ላይ፣ ሁሉም እያየ ነው። ያዋረድኩት በጀማዓው ፊት ነበርና።

አላህ ለሕፃኑ ሺፋውን ይስጥልን፤ እኛንም አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። ኣሚን።