ወረቀቱ ከመመረጡ በፊት ሥራው ይታወቅ

ሰሞኑን በየመኝታ ክፍሉ የሚወራው ወሬ አንድ ሆኗል። «ጥቂት ዓመት አስተምሬ ወደ ሰው ሀብት አስተዳደር እዛወራለሁ» የማይል የለም። ገና ጠመኔ ሳንጨብጥ መውጫውን ማሰባችን ያሳፍራል የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልፈርድም፤ የሚያናግረን ኑሮ ነው። የምፈርደው በሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የትኛው የትምህርት ደረጃ እንደሚያስፈልገን ሳንጠይቅ ትልቁን ወረቀት መመኘታችን ነው።

የአክስቴን ልጅ ልጥቀስ። በጂኦግራፊ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ሰባት ዓመት አስተማረ። ከዚያም የዕቁብ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ቅዳሜና እሑድ እየተማረ፣ በሰው ሀብት አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ያዘ። ቤተሰቡም በግ አረደ። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሲቆም ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሁለተኛ ዲግሪ የሚጠይቀው መደብ «አግባብ ያለው የሥራ ልምድ 6 ዓመት» ይላል፤ የእሱ ሰባት ዓመት የማስተማር ነውና አልተቆጠረለትም። ለጀማሪ የወጣው መደብ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪውን በዚያው ሙያ ይፈልጋል። እንግዲህ ለላይኛው አነሰ፣ ለታችኛው አልገጠመም። ዛሬም እያስተማረ ነው፤ የዕቁቡ ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

በአንጻሩ «የሦስት ወር ኮርስ ይበቃኛል» የሚል ጓደኛም አለኝ። ኧረ ተው! እንዲህ ያለው ሥልጠና ዕውቀት ቢጨምርም የትምህርት ደረጃን አይተካም።

ለመሆኑ በዚያ ቢሮ ውስጥ ምን ይሠራል? አንዱ የሠራተኛ ማኅደር ይይዛል፣ ፈቃድ ይመዘግባል፣ ደብዳቤ ያዘጋጃል። ለዚህ የቴክኒክና ሙያ ደረጃ ሊበቃ ይችላል። ሌላው ቅጥር ያካሂዳል፣ የሥራ አፈጻጸም ያስሞላል፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ ያያል፤ ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል። ሁለተኛ ዲግሪ የሚጠቅመው ሥራውን ቀምሶ የሰው ኃይል ዕቅድ ለሚያወጣና ክፍሉን ለሚመራ ሰው ነው።

ሥራው ቀልድ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ፣ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ ከ16 የሥራ ቀን እንዳያንስ፣ የወሊድ ፈቃድም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን እንዲሆን ይደነግጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ የሚጎዳው የሌላ ሰው እንጀራ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። ስለዚህ በየትኛው ዓይነት መሥሪያ ቤት ለመግባት እንደምንፈልግም አስቀድመን እናስብ።

ስለሆነም በእኔ በኩል የምለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ከመመዝገባችን በፊት ቢያንስ አሥር የሥራ ማስታወቂያ እናንብብ፤ የትምህርት ዓይነቱን፣ ደረጃውንና «አግባብ ያለው» የሚለውን ቃል እናስምርበት። ሁለተኛ፣ ተቋሙ ለዚያ ትምህርትና ለዚያ ደረጃ ዕውቅና እንዳለው እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ ፈተናውን አንርሳ፤ በቴክኒክና ሙያ የብቃት ምዘና አለ፤ በመጀመሪያ ዲግሪም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና መጥቷል።

ከዝቅተኛው እርከን መጀመር ውርደት አይደለም። የአክስቴ ልጅ ያን ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ለሚያስገባው ደረጃ ቢያውለው ኖሮ ዛሬ ማኅደር እያገላበጠም ቢሆን አግባብ ያለው ልምድ ይቆጥር ነበር፤ ሁለተኛ ዲግሪውም በኋላ በደረሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

የተለየ ሐሳብ ያለው ጓደኛ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍ፤ እኔም ለመማር ዝግጁ ነኝ። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።