በቀይ ሜዳ ላይ የእንጀራ ጥያቄ

የሜዳ ቴኒስ ሲነሣ በብዙዎቻችን ዓይን የሚታየው የፓሪሱ ታላቅ ውድድርና የአሸናፊው ዋንጫ ነው። ነገር ግን ከዚያ በታች፥ በአርጀንቲናና በኢጣልያ ከተሞች፥ ከተፈጨ ሸክላ በተሠራ ቀይ ሜዳ ላይ ቻሌንጀር በሚባለው ውድድር የሚደክሙ ብዙዎች አሉ። በሸክላው ላይ ኳሷ ስለምትዘገይ ጨዋታው ይረዝማል፤ የጉዞውንና የአሠልጣኙን ወጪ ግን ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የቴኒስን ንጽሕና የመረመረው ገለልተኛ ቡድን፥ ባለሙያ ከሚባሉት ወደ 15,000 ከሚጠጉ ወንዶችና ሴቶች መካከል፥ የአሠልጣኝ ክፍያ ሳይታሰብ እንኳ ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ከ250 እስከ 350 የሚሆኑት ብቻ መሆናቸውን ገለጠ።

እንግዲህ በውርርድ የሚነግደው ሰው ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ወደዚህ ችግር ነው። አርጀንቲናዊው ማርኮ ትሩንጄሊቲ በ2015 ጨዋታ እንዲሸጥ ሲጠየቅ እምቢ ብሎ ለመርማሪዎች አመለከተ። ምስክርነቱ የአገሩን ልጆች ስላስቀጣ፥ አንዳንድ ባልደረቦቹ እንደ አሳባቂ ቆጠሩት።

የወንዶቹ ማኅበር ኤ.ቲ.ፒ. በ2023 እስከ 250ኛ ደረጃ ላሉት የዓመት ገቢ ዋስትና እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ በዕቅዱም ከ176ኛ ጀምሮ ላሉት የተመደበው 75,000 ዶላር ነበር። ጅምሩ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ፈተናው የሚበረታው ከዚያ በታች ባለው ተጫዋች ላይ ስለሆነ፥ ዋስትናው ወደ እርሱ ካልወረደ ቅጣት ብቻውን ሜዳውን ያጠራዋል ብለን አናምንም።