ርቀት ብቻውን ዳኛ አይሆንም

«የቅርቡን ብላ፤ አየሩን ታድናለህ» የሚለው ምክር ከአውሮፓ ተነስቶ በእኛም አገር የተማረው ሰው አፍ ውስጥ ገብቷል። ምክሩ ሲሰሙት ጥሩ ነው። ከሩቅ የመጣ ምግብ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ከቅርብ የመጣው ጥቂት። የሕግ ሰው እንደመሆኔ ግን አንድ ጥያቄ አነሳለሁ፦ ለመሆኑ መከሰስ ያለበት ርቀቱ ነው ወይስ ማጓጓዣው?

ጥያቄው የእንጀራ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የብሪታንያው የኦርጋኒክ ምርት አረጋጋጭ ድርጅት፣ ሶይል አሶሲዬሽን፣ በአውሮፕላን ለሚገቡ ምርቶች ምስክር ወረቀት መንፈግ ይገባ እንደሆነ ለውይይት ባቀረበ ጊዜ የኬንያ አምራቾች ተደናግጠው ነበር። በዚያው አገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ለመንግሥት የቀረበ ጥናት ሌላ ነገር አሳይቷል። በስፔን ፀሐይ ያደገ አንድ ቶን ቲማቲም መጓጓዣው ታስቦ 630 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያስወጣ፣ በብሪታንያ በሚሞቅ የመስታወት ቤት ያደገው 2,394 ኪሎ ግራም ያስወጣል። የቅርቡ ከሩቁ ባሰ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የፑር እና የኔሜቼክ ሰፊ ጥናትም መጓጓዣ ከምግብ ከሚመጣው በካይ ጋዝ ውስጥ ያለው ድርሻ 6 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። አንድ ቶን ጭነት አንድ ኪሎ ሜትር ለማጓጓዝ በአማካይ መርከብ 10 ግራም፣ ባቡር 50፣ የጭነት መኪና 200፣ አውሮፕላን ደግሞ 1,130 ግራም ያህል ያስወጣሉ። አውሮፕላኑ ንጹሕ ነው የሚል የለም፤ መኪናውም ግን ከክስ ነፃ አይደለም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከአርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባ አንድ ኪሎ ሙዝ በዚህ ስሌት 100 ግራም ያስወጣል። መርከብ በዚያው መጠን 10,000 ኪሎ ሜትር ይወስደው ነበር። አሁን ደግሞ እኛን ባለመኪኖቹን እንይ። አምስት ኪሎ አትክልት ለመግዛት ደርሶ መልስ 10 ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው አንድ ሊትር ቤንዚን ቢያቃጥል 2.3 ኪሎ ግራም ያስወጣል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ 460 ግራም መሆኑ ነው። ከአርባ ምንጭ የመጣበትን ከአራት እጥፍ በላይ! በእግሯ ወርዳ ከጉሊት የምትገዛው ጎረቤታችን ሳታውቀው ከሁላችንም ትሻላለች።

ብልሽቱም አለ። ከመቂ በእንጨት ሳጥን ታጭቆ ከመጣ 100 ኪሎ ቲማቲም ውስጥ ለምሳሌ 25ቱ ቢበሰብስ፣ የተረፈው 75 የመቶውን ማዳበሪያ፣ የመቶውን የውኃ መሳቢያ ናፍጣና የመቶውን የጉዞ ጭስ ተሸክሞ ነው ሳህናችን ላይ የሚቀርበው። አትክልት ተራ እ.ኤ.አ. በ2020 ከፒያሳ ተነስቶ ኋላ ኃይሌ ጋርመንት ሲገባም፣ ከሰሜኑ የከተማው ክፍል የሚመጣው ቸርቻሪ መንገዱ ረዝሞበታል። ይህን ጭስ ማን ቆጠረው?

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ እርምጃው ትርጉም አለው። ሽንኩርቱን የሚያመጣልን ግን አውቶሞቢል ሳይሆን የናፍጣ ጭነት መኪና ነው። በእኔ እምነት ቅድሚያ የሚገባው ምርት የማይጨፈልቅ ሳጥን፣ በአምራቹ አካባቢ ማቀዝቀዣ መጋዘን፣ ባዶውን የማይመለስ መኪናና በየሰፈሩ በእግር የሚደረስበት ገበያ ነው። የእሁድ ገበያ ለዚህ ጥሩ ጅምር ነው።

ከሁሉ በላይ መለካት ይኖርብናል። ነገ አንድ የውጭ ገዢ «ሩቅ ናችሁና አንገዛም» ቢለን፣ በእጃችን አኃዝ ከሌለ የምናቀርበው ልመና እንጂ ክርክር አይሆንም። በልመና የተረታ ደግሞ ይግባኝ የለውም።