በጌዴኦ ምድር ስለሚወርደው የነጐድጓድ ዝናም

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዘመን ሥርዓት ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን መሆኑ የታወቀ ነው። በዚህም መካከል ከሐምሌ 19 ቀን አንሥቶ ያለው ክፍል በመብረቅና በነጐድጓድ፥ በባሕርና በአፍላግ ስም ይጠራል። ይህ ሥርዓት ከሰሜኑና ከመካከለኛው ደጋ ሰማይ ጋራ የተስማማ ስለ ሆነ፥ የደጋ ሰው ነጐድጓድን ከሐምሌና ከነሐሴ ለይቶ ለማሰብ ይቸገራል። ነገር ግን ኢትዮጵያ ሰፊ አገር ናትና ሰማይዋ አንድ ዓይነት አይደለም። ከአባያ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በጌዴኦ ምድር ዝናሙ ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ ይኸውም በመጀመሪያ በሚያዝያና በግንቦት፥ ሁለተኛም በመስከረምና በጥቅምት ነው። ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ በደጋው አቆጣጠር ብቻ የሚያዘጋጁት የሥራ ዕቅድ በሰው ሕይወትና በንብረት ላይ ጉዳት ያመጣል።

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ጐዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእርሷ በምዕራብ ምድሩ ወደ አባያ እየዘቀዘቀ ይወርዳል፤ በምሥራቅ ደግሞ ወደ ቡሌ ደጋ ይወጣል። የሐይቁ ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ሲሆን የጌዴኦ ከፍተኛው ደጋ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። አባያ በስምጥ ሸለቆ ካሉት የኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ በስፋት የሚበልጥ ነው፤ ስፋቱም ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። (በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቦቴጎ የተባለ የኢጣልያ መንገደኛ በአገሩ ንግሥት ስም ማርገሪታ ብሎት ነበር፤ የአገሩ ሰው ግን አባያ ማለቱን አልተወም።)

ከጥር እስከ መጋቢት ፀሐይ ቆላውን ታግለዋለች፤ ከሰፊው ሐይቅም ውሃው እንፋሎት ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። ወደ መጋቢት ግድም ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት የተሸከመ ነፋስ ሲደርስ ወበቁ ይጸናል። ወበቅ ከደረቅ ሙቀት ይልቅ የሚያስጨንቀው አየሩ በእርጥበት ስለሚሞላ ላብ ከሰውነት ቶሎ ሊደርቅ ባለመቻሉ ነው፤ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው የላቡ መድረቅ ነውና። እንግዲህ በቀን የሞቀው አየር ተራራውን ተደግፎ ሽቅብ ይወጣል፤ በወጣ መጠን ይበርዳል፤ ሲበርድም በውስጡ ያለው እንፋሎት ደመና ይሆናል። ስለዚህ ጧት ጠርቶ የነበረ ሰማይ ከቀትር በኋላ በድንገት ይጠቁራል። በደመናውም ውስጥ በረዶና የውሃ ጠብታ እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ የኤሌክትሪክ ኃይል ይከማቻል፤ ይህ ኃይል በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ መብረቅ ይባላል፤ በመብረቁ ግለት አየሩ ፈንድቶ የሚያሰማው ድምፅም ነጐድጓድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የተማሪዎች ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ ይዘጋል። በደጋው አገር ነጐድጓድ ሲበረታ ሕፃናት በየቤታቸው ናቸው፤ በጌዴኦ ግን የሁለቱም ዝናም ብርታት የሚውለው ሕፃናት በትምህርት ገበታ ላይ ሳሉ ነው። ዝናሙም በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ ተማሪው ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት በመንገድ ያገኘዋል። መንገዱ አቀበትና ቁልቁለት ነው፤ ዳርና ዳሩም ረጃጅም ዛፍ የሞላበት ነው። ሕፃን ከዝናም ለመሸሽ የሚጠጋው ወደ ዛፍ ሥር ነው፤ መብረቅም አብዝቶ የሚመታው ከፍ ብሎ ብቻውን የቆመውን ዛፍ ነው።

ለዚህ የሚሆን ትምህርት ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። የመብረቁ ብርሃን ከታየ በኋላ ነጐድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ቢቆጥሩ፥ ድምፅ በ3 ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ የመብረቁን ርቀት ማወቅ ይቻላል። ቁጥሩ ከ30 ሴኮንድ ካነሰ አደጋው 10 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ነውና ወደ ቤት መግባት ይገባል፤ የመጨረሻው ነጐድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ መውጣት አይገባም። ይህን አንድ መምህር በአንድ ቀን ለክፍሉ ሁሉ ሊያስተምረው ይችላል። የዲላ ዩኒቨርሲቲም መምህራንን የሚያወጣ ተቋም ስለ ሆነ ነገሩን ከመምህራኑ ትምህርት ጋራ ቢያያይዘው ሥራው ይቀላል።

የመብረቅ መከላከያ ብረትም አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ፍራንክሊን በ1752 እ.ኤ.አ. ስለ መብረቅ ከመረመረ ወዲህ፥ በጣራ ላይ ሹል ብረት አቁሞ በወፍራም ሽቦ ከምድር ጋራ ማገናኘት በዓለም ሁሉ የታወቀ ሆኗል። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ በአውሮፓ ብዙ ደወል ደዋዮች ነጐድጓድን ለማራቅ ሲሉ በደወል ቤት እንዳሉ በመብረቅ ሞተዋል። በኢትዮጵያም ቢሆን በጐንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ የመጀመሪያው ሕንፃ በ1707 እ.ኤ.አ. በመብረቅ እንደ ጠፋ በታሪክ ይነገራል። አብያተ ክርስቲያናት በኮረብታ ራስ ላይ መሠራታቸው የቆየ ልማድ ነው፤ ጣራቸው ቆርቆሮ፥ ጉልላታቸው ብረት ከሆነ ግን ከምድር ጋራ የሚያገናኝ ሽቦ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ማድረግ እምነት መጉደል የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ በክረምት ጣራ መክደንንም እንዲሁ ሊነቅፍ ነው። የማናቸውም ሃይማኖት አለቆች የጸሎት ቤታቸውን ሲያሠሩ የመከላከያውን ወጪ ከቆርቆሮው ዋጋ ጋራ አብረው ቢያስቡት ይሻላል።

በቡናውም በኩል ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የይርጋ ጨፌና የኮቸሬ ቡና ስሙ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። የመጋቢቱ ዝናም ቡናውን ያሳብበዋል፤ በአበባው ላይ በረዶ ቢወርድ ግን የዓመቱ ፍሬ ይጐድላል። እሸት ቡና መለቀም የሚጀምረውም ሁለተኛው ዝናም ገና ሳያባራ በመሆኑ፥ በአልጋ ላይ የተሰጣው ቡና በድንገት ከራሰ ይሻግታል፤ ዋጋውም ይወድቃል። የማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኛ ደመናውን እያየ ሸራ ለማልበስ ይሮጣል፤ በዚያው ሰዓት ግን በሜዳ ላይ ከሚሮጥ ሰው የበለጠ ለመብረቅ የተጋለጠ የለም። ስለዚህ ደመናው ሳይቀርብ ሁለት ሰዓት ቀድሞ የሚደርስ ወሬ ለቡናውም ለሰውም ይጠቅማል።

የጌዴኦ ሕዝብ ዝናሙን የሚችልበት ጥበብ ከጥንት አለው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፥ ከመካከል እንሰት፥ ከሥር ቡና ተክሎ ቁልቁለቱን ሁሉ ያለብሰዋል። ቅጠሉ የዝናሙን ኃይል ይሰብራል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ጥላውም ሙቀቱን ያበርዳል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የጻፈው ስለዚህ ነው። ዛፉ ተቆርጦ ቁልቁለቱ ሲራቆት የሚሆነውን የአባያ ውሃ ራሱ ይመሰክራል፤ ቀይ ሆኖ የሚታየው ወንዞቹ ከየአገሩ ጠርገው ባመጡት ደለል ነው። ከሐይቁ ማዶ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከብርቱ ዝናም በኋላ መሬት ተንሸራቶ ከ200 የሚበልጥ ሕዝብ ማለቁ አይረሳም። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡትን ሁለተኛው ናዳ ደርሶ ቀበራቸው። በጌዴኦ ገጠር ሕዝቡ እጅግ የተጠጋጋ፥ የእያንዳንዱም ገበሬ እርሻ ጠባብ ስለ ሆነ፥ ዛፉን ሸጦ የዕለት ችግሩን ለመወጣት የሚፈልግ ቢኖር አይደንቅም። ባለሥልጣኑ ገበሬውን አትቁረጥ ብሎ ከመከልከሉ በፊት በዛፉ ምትክ የሚያገኘውን ጥቅም ሊያሳየው ይገባል።

የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ስለ አየር ጠባይ ትንበያ ያወጣል። ትንበያው በአማርኛ ተጽፎ ከዞን ጽሕፈት ቤት ደርሶ በዚያ ከቀረ ግን በቡሌ ተዳፋት ላይ ላለችው እናት ምንም አይረባትም። በጌዴኡፋ ተተርጕሞ በሬዲዮ ቢነገር፥ በገበያ ቀን ቢለፈፍ፥ በየጸሎት ቤቱም ከስንብት በፊት ቢነበብ ይሰማል። የሚቀጥለው የበልግ ዝናም በመጋቢት ይጀምራል፤ የትምህርት ቤቶቹን ጣራ ለመመርመርና ሽቦ ለመዘርጋት የሚመቹት ደረቆቹ ወራት ታኅሣሥ፥ ጥርና የካቲት ናቸው።