ጠመኔ ብቻ ሰጥታችሁ ታሪክ አስተምሩ ትላላችሁ?

ጎበዝ! የባለሥልጣናቱን ወሬ ለዚህ ሳምንት እናቆየውና የጠመኔ ብናኝ ሲቅም ስለሚውል አንድ ሰው እናውራ፤ ስለ ኅብረተሰብ ትምህርት መምህር።

ባለፈው ሰሞን አብሮኝ ያስተምር የነበረ ወዳጄን ልጠይቀው ወደሚሠራበት ት/ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የተሰቀለው ካርታ ጫፍ ጫፉ ተበልቷል፤ በላዩ ያሉት ክልሎችም ዘጠኝ ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ካርታ መሆኑ ነው። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ክልል ሆነዋል፤ በነሐሴ 2015 ደግሞ የቀረው ደቡብ ለሁለት ተከፍሎ አገሪቱ ባለ 12 ክልል ሆናለች። «አዲሱ ካርታስ?» ብለው፣ «እኔው በእስክሪብቶ አሰምርበታለሁ» አለኝና ሳቀ። መቼም ሳቅ ከተባለ!

የባሰውን ደግሞ ነገረኝ። ስለ ዐፄዎቹ ዘመን ሲያስተምር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ቲክቶክ ላይ ያየሁት እኮ ሌላ ነው፤ የቱ ነው ትክክሉ?» ይለዋል። ወዳጄ ወደ በሩ ገልመጥ አለ። «ምን ልበለው? ብመልስለት ማታ የልጁ አባት፣ ጠዋት ርእሰ መምህሩ ይጠሩኛል። ዝም ብለው ልጁ ወደ ስልኩ ይመለሳል» አለኝ። ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ርእስ አለፈ። ልጁም ወደ ስልኩ ተመለሰ።

እንግዲህ ፍረዱ! አዋቂዎቹ ተቀምጠው መነጋገር አቅቷቸው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዋጅ የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽነሮች ተሾሙለት፣ ጽ/ቤት ተከፈተለት፣ በዓመታት የሚቆጠር ጊዜ ተሰጠው። መምህሩ ግን ያንኑ ጣጣ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በጠመኔ፣ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ፍታው ይባላል።

ለመሆኑ ምን ተሰጠው? መጽሐፍ እንዳይባል፣ አዲሱ ሥርዐተ ትምህርት በ2015 ሥራ ላይ መዋል ሲጀምር የታተመ መጽሐፍ ጠፍቶ በብዙ ት/ቤቶች የተዳረሰው ፒዲኤፍ ነበር። ስልክ ያለው በስልኩ ያንብብ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይስማ! ሥልጠና እንዳይባል፣ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያው መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት በሙያው ይሠልጥን ብሎ ደንግጎ ነበር። «የእኔ 60 ሰዓት ያለቀው ፎርም ስሞላና ፋይል ሳሳምር ነው» ይላል ወዳጄ። «ልጆች የሚያጣላ ጥያቄ ሲያመጡ እንዴት እንደማወያያቸው፣ ሁለት የሚጋጩ ማስረጃዎችን እንዴት እያነጻጸሩ እንደሚመረምሩ ያሳየኝ አንድም ሰው የለም።»

ንቀቱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 ከመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሂድ የሚል ድልድል መጣ። ኢንጂነር መፈለግ ነውር የለውም። ነውሩ ማኅበራዊ ሳይንስን የተራፊ ማከማቻ ማድረጉ ነው። ፍሬውን እነሆ፦ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 6.8 ከመቶ ሲሆኑ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ 1.3 ከመቶ፣ ማለትም 6,973 ልጆች ብቻ ናቸው። ጣት የተቀሰረው ወደ ማን ነው? ወደ መምህሩ ነዋ!

መምህሩ አቤት የሚልበት ቤትስ አልነበረውም? ነበረው እንጂ። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተ የመምህራን ማኅበር ነበረው። ምን እንደደረሰበት የዚህ ዓይነት ጋዜጣ አንባቢ አይረሳውም። ፕሬዚዳንቱ ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታሰሩ። የማኅበሩ አመራር የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ያንን ያየ መምህር ዛሬ ልጅ ጥያቄ ሲጠይቀው ወደ በሩ ቢገላመጥ ይፈረድበታል?

«የአገር አቅም አይፈቅድም» የሚሉን አይጠፉም። ተዉ እንጂ! በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲሰቀል አቅሙ ከየት መጣ? መብራት ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄድ ነበር። ወረቀት ላይ የታተመ ካርታ መብራት አይጠይቅም፤ ሳተላይትም አይፈልግም።

መምህሩ የሚጠይቀው ቤተ መንግሥት አይደለም። የታተመ መጽሐፍ ይድረሰው። የዛሬዋን አገር የሚያሳይ ካርታ ይሰቀልለት። ክረምት ላይ የታሪክና የጂኦግራፊ መምህራን ተሰባስበው የሚያስቸግራቸውን ጥያቄ እየመዘዙ፣ የታሪክ ምሁራን ባሉበት ይምከሩ፤ የካድሬ ስብሰባ ግን አይሁንባቸው። ከሁሉ በፊት ደግሞ በማስረጃ ያስተማረ መምህር ወላጅም ሆነ ሹም ስለ ተቆጣ ከሥራው እንደማይነሣ በመመሪያ ይጻፍለት፤ የሚከራከርለትም ማኅበር ይኑረው።

ያገሬ ሰው «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል። የማያውቁትን አገር ማፍረስ ደግሞ ምንም አይከብድም። ያ እጁን ያወጣው ልጅ ነገ ትልቅ ሰው ይሆናል፤ ጥያቄውም አብሮት ያድጋል። መልሱን ከመምህሩ ሳያገኝ ካደገ በኋላ «ማን አስተማረው?» ብላችሁ እንዳትጮኹ!

ቸር ይግጠመን።