የሰማንያ ዶላሩ የኋላ መቀመጫ

ነጋዴ እራት ሲበላም ሒሳብ መሥራቱን አይተውም። ይህ ጸሐፊ ነጋዴ ባይሆንም የገበያ ገጽ ጸሐፊ ነውና፣ ለሥራ ጉዳይ ቬትናም በደረሰበት ወቅት አንድ ምሽት ማስታወሻ ደብተሩን ኪሱ ከትቶ እራት ወጣ። ቦታው ሆ ቺ ሚን ከተማ ነው፤ ነዋሪዎቿ ዛሬም ሳይጎን ይሏታል። የወጣሁት በእግሬም በታክሲም አይደለም፤ ስኩተር ላይ ከሹፌሯ ኋላ ተፈናጥጬ ነው።

ከመሸ በኋላ እንግዶችን በስኩተር እያዞሩ የመንገድ ዳር ምግብ የሚያበሉ፣ በአነስተኛ ጠማቂዎች የሚዘጋጀውንና ክራፍት ቢራ የሚባለውን መጠጥ የሚያስቀምሱ ድርጅቶች በከተማዋ ብዙ ናቸው። ዋጋቸው እንደየዝግጅቱ ቢለያይም ከ50 እስከ 100 ዶላር የሚያስከፍሉ አሉ። እኔ የከፈልኩት 80 ዶላር ነው። ያገኘሁትም የአራት ሰዓት ጉዞ፣ አራት ዓይነት ምግብ፣ ሁለት ብርጭቆ ቢራና አንድ ብርጭቆ ቡና ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እነሆ። በየደረስንበት ዋጋ ጠይቄ እንደመዘገብኩት፣ ባን ሴኦ የሚባለው የሩዝ ቂጣ 70 ሺህ ዶንግ፣ ኮም ታም የሚባለው ሩዝ ከተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ጋር 55 ሺህ፣ ባን ሚ የሚባለው የተሞላ ፉርኖ ዳቦ 30 ሺህ፣ ፎ የሚባለው የበሬ ሥጋ ሾርባ ከሩዝ ፓስታ ጋር 65 ሺህ ነበር። ድምሩ 220 ሺህ ዶንግ ነው። አንድ ዶላር በ25 ሺህ ዶንግ ገደማ ሲመነዘር ምግቡ ሁሉ ዘጠኝ ዶላር አይሞላም። ሁለቱ ብርጭቆ ቢራ 200 ሺህ ዶንግ፣ ማለትም ስምንት ዶላር ነው። ቡናው አንድ ዶላር። ጠቅላላው 18 ዶላር ቢሆን ነው። ታዲያ ቀሪው 62 ዶላር የምን ዋጋ ነው?

ችኩል አንባቢ «የዝርፊያ!» ሊል ይችላል። በበኩሌ አልስማማም። ከ62ቱ ዶላር ላይ የሹፌሯ ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ የጽሕፈት ቤት ኪራይ፣ ደንበኛ ላመጣ ሆቴል የሚሰጥ ኮሚሽንና ግብር ይነሣል። የተረፈው ትርፍ ነው። ትርፉ ከምን እንደመጣ ለመረዳት ግን አንድ ቀን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

አምስት እርምጃ

ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ብቻዬን ወጥቼ ነበር። በከተማዋ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሞተር ብስክሌት ተመዝግቧል፤ የዚያን ዕለት ግማሹ በፊቴ ያለፈ መሰለኝ። ለመሻገር ቆሜ ቆሜ ሲሰለቸኝ፣ ካለሁበት ወገን ያሉትን መጥበሻዎች እያየሁ ዘለቅሁ። ሽታው ይጠራል። ግን የቱ ንጹሕ ነው? የቷ ሻጭ ዋጋ ትጨምርብኛለች? ምን ብዬስ ላዝዝ? በመጨረሻ ወደ ሆቴሌ ተመልሼ እንቁላል ፍርፍር በላሁ። የእንቁላሉ ዋጋ መንገድ ዳር ሦስት ሰው ያጠግብ እንደነበር ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

በትምህርት ቤት «የመረጃ እጥረት» እየተባልን የተማርነው ይኸው ነው። ሴትዮዋ ምግቧ ንጹሕ መሆኑን ታውቃለች፤ እኔ አላውቅም። እኔ በኪሴ ገንዘብ እንዳለ አውቃለሁ፤ እሷ ልክፈል ልለፍ አታውቅም። በሁለታችን መካከል ያለው አምስት እርምጃ ገበያውን ገደለው። በማግስቱ በ62 ዶላር የገዛሁት እነዚያን አምስት እርምጃዎች ነው።

በእኛ ቋንቋ ይህ ሥራ ድለላ ይባላል። ድርጅቱ ወጥ ቤት የለውም፣ መጥመቂያ የለውም፣ አንድ በርጩማ እንኳ የለውም። ያለው እምነት ነው። እምነት ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማየት ወደ ሃኖይ ማማተር ይበቃል። በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ከምግብ ጋዜጠኛው አንቶኒ ቦርዴይን ጋር በአንድ ተራ ምግብ ቤት ተቀምጠው ቡን ቻ የሚባለውን ምግብ በሉ። ሒሳቡ ስድስት ዶላር ገደማ ነበር። ምግብ ቤቱ ጠረጴዛውን ከነበርጩማው በመስታወት ከልሎ አስቀመጠው። በ2023 ደግሞ ሚሽለን የተባለው የፈረንሳዮች የምግብ ቤት መመሪያ ወደ ሃኖይና ሳይጎን መጥቶ፣ ከታላላቆቹ ምግብ ቤቶች ጎን ርካሽ የሾርባ ቤቶችን መዘገበ። ሾርባው የትናንቱ ሾርባ ነው፤ የተጨመረበት ምስክር ነው።

የእኔ ምስክር ሹፌሬ ነበረች፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ናት። ገና ሄልሜቴን ሳላስር ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። በቬትናምኛ ሰውን የሚጠሩት በዝምድና ስም ነው፤ ታላቅ ወንድም፣ ታናሽ እህት፣ አክስት፣ አጎት እየተባለ። ዕድሜ ካልታወቀ ንግግር አይጀመርም። እኔ ታላቅ ወንድሟ ሆንኩ። በየመጥበሻው ያሉትን ሴቶች ሁሉ «አክስቴ» ትላቸዋለች፤ እነሱም ገና ከሩቅ ሲያይዋት በርጩማ ይስባሉ። ዋጋ ስትከራከር አላየኋትም። ለአገሬው የሚጠየቀውን ያህል ጠየቋት፣ ቆጥራ ከፈለች። «ለምን ቅናሽ አትጠይቂም? ብዙ ሰው ታመጫለሽ» አልኳት። «ብቀንስባት ሥጋውን ትቀንስብኛለች» አለችኝ። ይህን ያህል የገባቸው ደላሎች ስንት እንዳሉ አንባቢ ይፍረድ።

ከራሽን ወደ መጥበሻ

የመጀመሪያው ማረፊያችን ባን ሴኦ ነበር። ከሩዝ ዱቄትና ከእርድ የተበጠበጠ ሊጥ በጋለ ብረት ላይ ሲፈስ የሚያሰማው ድምፅ ነው «ሴኦ»። ሽሪምፕ፣ ሥጋና ቡቃያ ከተጨመረበት በኋላ ይታጠፋል፤ በቅጠልና በናና እየተጠቀለለ ከዓሣ በተሠራ ማባያ እየተነከረ ይበላል።

ሁለተኛው፣ ኮም ታም፣ ለነጋዴ ትምህርት ነው። ስሙ ስብርባሪ ሩዝ ማለት ነው። በወፍጮ ላይ የተሰባበረው ሩዝ በሙሉ ዋጋ ስለማይሸጥ ቀድሞ የድሃ ምግብ ነበር። ዛሬ የሳይጎን መለያ ሆኗል፤ ሙሉውን ሩዝ ትቶ ስብርባሪውን ፈልጎ የሚመጣ ብዙ ነው። ባን ሚም እንዲሁ ነው፤ ዳቦውን ፈረንሳዮች አመጡት፣ ቬትናሞች ግን በራሳቸው ሥጋ፣ አትክልትና ቃሪያ ሞልተው የራሳቸው አደረጉት። «ተጨማሪ እሴት» እያልን በየስብሰባው የምንደጋግመውን ቃል እዚያ አንዲት ሴት በከሰል ምድጃ ትሠራዋለች።

ይህ ሁሉ ሁልጊዜ አልነበረም። ጦርነቱ በ1975 ካበቃ በኋላ አገሪቱ በዕዝ ኢኮኖሚ ስትመራ፣ ሩዝና ሥጋ በራሽን ኩፖን ይታደል ነበር። በ1978 በደቡቡ ክፍል በግል ነጋዴዎች ላይ ዘመቻ ተካሂዷል። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍን የሚያስታውስ የእኛ ሰው ዝርዝሩን መስማት አያስፈልገውም። በ1986 የዋጋ ንረቱ ከ700 በመቶ በላይ ደረሰ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የተሰበሰበው የገዢው ፓርቲ ጉባኤ ዶይ ሞይ የተባለውን ተሐድሶ አወጀ። በ2000 ሥራ ላይ የዋለው የድርጅቶች ሕግ ደግሞ ብዙ የፈቃድ ዓይነቶችን አስቀርቶ የግል ድርጅት ማቋቋምን አቀለለ። መጥበሻው የተመለሰው በዚህ ዓይነት ነው። በ2019 አገሪቱን 18 ሚሊዮን ያህል የውጭ እንግዳ ሲጎበኛት፣ መጥበሻው እየጠበቀው ነበር።

ቢራውና ሕጉ

በመሃል ወደ ቢራው ሄድን። የሳይጎን ቢራ ታሪክ አንድ ፈረንሳዊ በ1875 ከከፈተው አነስተኛ መጥመቂያ ይጀምራል። የዚያ ወራሽ የሆነው ሳቤኮ የመንግሥት ድርጅት ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ በ2017 ወደ 54 በመቶ የሚሆነው ድርሻው ለታይላንድ ባለሀብቶች በ4.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። በ2011 የእኛን ሐረርና በደሌ የገዛው ሄኒከንም እዚያ ትልቅ ተወዳዳሪ ነው።

እነዚህ ትላልቆች ግን ዛሬ አልተመቻቸውም። ከጥር 2020 ጀምሮ በቬትናም ሹፌር በደሙ ውስጥ ምንም አልኮል እንዳይኖር ተከልክሏል። አንድ ብርጭቆም ቢሆን ያስቀጣል። ለሞተር ብስክሌት የቅጣቱ ጣሪያ በመጀመሪያ ስምንት ሚሊዮን ዶንግ፣ ማለትም ከ300 ዶላር በላይ ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ ወደ 10 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ሁሉ ሰው በሞተር በሚሄድበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ሄኒከን በ2024 በማዕከላዊው የአገሪቱ ክፍል የነበረውን አንድ ፋብሪካ ሥራ አቁሟል። በቢራ ላይ ያለው 65 በመቶ የኤክሳይስ ታክስም በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት በ2027 ወደ 70 ከፍ ብሎ በ2031 90 በመቶ እንዲደርስ ተወስኗል።

ትንሹ ጠማቂ በዚህ መሃል እንዴት ቆመ? መልሱ በብርጭቆው ውስጥ ነው። ፓስተር ስትሪት የተባለው የሳይጎን ጠማቂ ብቅሉና ሆፕሱ ከውጭ ቢመጣም፣ የአገሩን ፓሽን ፍሩት፣ የጃስሚን አበባና ካካዎ ይጨምርበታል። የካካዎው ጥቁር ቢራ በ2016 በዓለም የቢራ ዋንጫ ውድድር የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። መንገድ ዳር ከአንድ ዶላር በታች በሚጠጣበት ከተማ አራት ዶላር የሚከፈለው ለዚህ ነው። ብዛት ሲከለከል ጥራት ይሸጣል።

ልብ በሉ፤ ሕጉ ለስኩተር ጉዞው ጠላት መስሎ ወዳጅ ሆኗል። ጠጥቶ መንዳት ካልተቻለ፣ የማይጠጣ ሹፌር ዋጋ ያወጣል። የእኔዋ ሹፌር ሁለቱንም ቢራ ስጠጣ ውኃ ይዛ ተቀምጣ ነበር። 80 ዶላር ከተከፈለበት ነገር ውስጥ ያ የውኃ ጠርሙስ አንዱ ነው።

የመንገዱ ዳር የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ይህ ሁሉ ሰንሰለት፣ ሆቴሉ፣ ድርጅቱ፣ ሹፌሯ፣ የአራት ዶላሩ ቢራ፣ የተንጠለጠለው በአንዲት ሴት መጥበሻ ላይ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ የተቀመጠችው የእሷ ባልሆነ የእግረኛ መንገድ ላይ ነው።

በ2017 የከተማዋ መሃል አስተዳደር አካባቢውን «ትንሿ ሲንጋፖር» አደርጋለሁ ብሎ የእግረኛ መንገዱን የማጽዳት ዘመቻ ከፈተ። ደጃፎች ፈረሱ፣ ዕቃዎች ተጫኑ። ዘመቻው ሲበርድ ሻጮቹ ተመለሱ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ከተማዋ ሌላ መንገድ ያዘች፤ ለእግረኛ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል እስከተረፈ ድረስ፣ በተፈቀዱ ቦታዎች የእግረኛ መንገዱን በካሬ ሜትርና በወር እያሰሉ ማከራየት ተጀመረ።

ከመጥረጊያው ደረሰኙ ይሻላል። ደረሰኝ የያዘ ሰው ነገ አለው፤ ነገ ያለው ሰው የተሻለ ምድጃ ይገዛል። ሆኖም ሥጋት አለኝ። ኪራይ ደጃፍ ላለው ይቀላል። ጋሪ ለምትገፋውና ቋሚ ቦታ ለሌላት ግን ደረሰኙ ራሱ በር የሚዘጋ ሊሆን ይችላል። ባለሱቁ ኪራዩን ከፍሎ ቦታውን ሲይዝ፣ ለመቶ ዓመት የምግቡን ስም ያቆየችው እሷ ወደ ጓሮ ትገፋለች።

ስለዚህ ሐሳቤ እንዲህ ነው። ከ62ቱ ዶላር አንዷ ለመንገዱ ዳር ትቀመጥ። በቀን ስምንት እንግዳ የሚያዞር ድርጅት በወር 25 ቀን ቢሠራ 200 ዶላር ይሆናል። ለአራት ማረፊያ ሲከፋፈል ለእያንዳንዷ ሻጭ በወር 50 ዶላር ነው። በዚህ የቦታ ኪራይዋን ትሸፍናለች፣ ውኃ ታስገባለች። ምጽዋት አይደለም፤ ድርጅቱ የሚሸጠውን ዕቃ መጠበቂያ ነው። መጥበሻዋ ከተነሣች የኋላ መቀመጫው 80 ዶላር ቀርቶ የታክሲ ሒሳብም አያወጣም።

የመጨረሻው ማረፊያ ቡና ነበር። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ናት፤ አብዛኛው ሮቡስታ ነው። በበረዶና በቆርቆሮ በሚመጣ ጣፋጭ ወፍራም ወተት ቀዝቅዞ መጣልኝ። የአረቢካ አገር ልጅ ነኝና ምሬቱን ቀስ ብዬ ቀመስኩት። ሹፌሬ «የእናንተስ እንዴት ነው የሚጠጣው?» አለችኝ። ስለ አቦል፣ ቶናና በረካ፣ ስለ ቄጤማውና ስለ ዕጣኑ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና፣ «ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ማን ይወስደዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለጥያቄዋ የሰጠሁት መልስ አልነበረም። የዚህ ገጽ አንባቢ ደላላና ባለሀብት ነውና ለእሱ አስተላልፌዋለሁ። ለቡና አፍዪዋ ግን ቦታዋን አስቀድሞ ያስከብርላት።