ኑጋችንን ከጓዳችን አናውጣ

«ከኑግ የተገኘሽ ሰሊጥ፥ አብረሽ ተወቀጪ» የሚለውን ተረት ከአያቶቹ ያልሰማ ተማሪ የለም። ተረቱ ክፉ ባልንጀርነት የሚያመጣውን ጣጣ ሲያስተምረን፥ ኑግ በየቤቱ ይወቀጥ እንደ ነበረም ይነግረናል። ዛሬ ግን ተረቱ ከአፋችን ሳይጠፋ ሙቀጫው እየተረሳ ሄዷል።

በባሕር ማዶ «አልሞንድ» የሚባለውን ፍሬ ቆልተው የራሱ ዘይት ወጥቶ እስኪለሰልስ ይፈጩትና ቅቤ ብለው ይበሉታል፤ ለወጥም ማወፈሪያ ያደርጉታል። ይህ ፍሬ በመጽሐፍ ቅዱስ «ለውዝ» የተባለው የዛፍ ፍሬ ነው እንጂ፥ ከመሬት ሥር የሚወጣው ኦቾሎኒ አይደለም። የእኛም እናቶች ኑግን እንዲሁ ቆልተው ወዙ እስኪወጣ ሲወቅጡ ኖረዋል፤ ነገር ግን የእነርሱን ሙያ ማንም በብልቃጥ አሽጎ አላሞገሰላቸውም።

በጥቅምት ወር በምዕራብ ሸዋ የሚጓዝ ሰው ማሳውን ቢጫ አልብሶ ንብ የሰበሰበውን የኑግ አበባ ያያል። ኑግ ውኃ በሚተኛበትና ፍሬያማ ባልሆነ መሬት ላይ እንኳ የሚበቅል የአገራችን ተክል ነው። ምርቱ ሲሰበሰብ ግን ከፊሉ ወደ ዘይት መጭመቂያ፥ ከፊሉም ወደ ውጭ አገር ለወፍ ቀለብ ይሄዳል። እኛም ከውጭ የመጣ የፓልም ዘይት ገዝተን እንመለሳለን።

ገበሬው ኑጉን አይሽጥ ማለቴ አይደለም፤ የብዙዎቻችን ደብተር የሚገዛው በዚሁ ገንዘብ ነውና። ነገር ግን ጥቂቱ ለጓዳ ይቅር እላለሁ። ከኑግ ፍሬ ውስጥ ከመቶው 30 እስከ 40 ያህሉ ዘይት ሲሆን፥ 20 ያህሉ ደግሞ ሰውነትን የሚገነባ ፕሮቲን ነው። ኑግ ሲጨመቅ ፕሮቲኑ በፋጉሎው ውስጥ ይቀርና ለከብት ይሰጣል። በቤት ሲወቀጥ ግን ሁለቱም ለሰው ይደርሳል። በረጅሙ ጾም ሥጋና ወተት ለማይቀርብለት ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሠራሩም አያስቸግርም። ኑጉን አበጥሮና አጥቦ ማድረቅ፥ በለስላሳ እሳት እያማሰሉ መቁላት፥ ሳያር ማውጣት ነው፤ ያረረ ኑግ ይመራልና። ከዚያም ወቅጦ በለብታ ውኃ በጥብጦ ማጥለል፤ ገለባው ጉሮሮ የሚከረክረው ሳይጠልል ሲቀር ነው። የጠለለውን በእንጀራ መፈትፈት ወይም በሽሮና በጎመን ላይ መጨመር ይቻላል። የተወቀጠ ኑግ ሲቆይ ጣዕሙ ስለሚበላሽ፥ በየጊዜው ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ብቻ መውቀጥ ይሻላል።

አንዳንዶቻችን መልኩ ጥቁር ነው ብለን በምሳ ዕቃችን ይዘነው ለመምጣት እናፍራለን። ቡናም ጥቁር ነው፤ ነገር ግን እንግዳ የምናከብረው በእርሱ ነው። መውቀጡም ለእናትና ለእኅት ብቻ የተተወ ሥራ አይሁን፤ ዘነዘናውን ወንዶቹም እናንሣ። ባለ ሙያዎቹ እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ እንማረው፤ ያለዚያ ነገ ተረቱን የምንነግራቸው ልጆች «ኑግ ደግሞ ምንድር ነው?» ብለው ይጠይቁናል።